ኤርፎን ከመቀየራችሁ በፊት ጎማውን ቀይሩ

አዲስ ኤርፎን ገዝታችሁ ድምፁ ቀጠነባችሁ እንበል። ቤዝ የለውም፣ ከበሮው አይመታም፣ የዘማሪው ድምፅ ሰልሏል። አብዛኛው ሰው ወዲያው "ፎርጂድ ሸጡልኝ" ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ ድምዳሜ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። መዝሙሩ ወይም ዘፈኑ እየተጫወተ ሁለቱንም ኤርፎን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን በሏቸው። ቤዙ ድንገት ከመጣ ኤርፎኑ ምንም አልሆነም። ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ጆሯችሁን ስላልዘጋችው ነው።

ጎማ የምለው ያቺን ከሲሊኮን የምትሠራ ትንሽ ኮፍያ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ኤርፎን ይገዛል፣ አልተመቸኝም ብሎ ይጥላል፣ ሌላ ይገዛል። ካርቶኑ ውስጥ በትንሽ ላስቲክ ታሽገው የመጡትን ትርፍ ጎማዎች ግን የሚነካቸው የለም። ካርቶኑ ሲጣል አብረው ይጣላሉ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የኤርፎን ድምፅም ሆነ ምቾት ከምንም በላይ የተንጠለጠለው በነዚያ ጎማዎች ላይ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ላስረዳ። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ሄዶ መጨረሻው ላይ የጆሮ ታምቡር አለ። ኤርፎኑ ውስጥ ያለው ስፒከር ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ታዲያ ይህን የሚያክል ነገር እንዴት ቤዝ ያወጣል? የሚገፋው አየር ጥቂት ስለሆነ ነው። በጎማውና በታምቡሩ መካከል የታሰረችውን ትንሽ አየር ብቻ ነው የሚገፋውና የሚስበው። ያች አየር መውጫ ከሌላት የስፒከሩ ትንሽ እንቅስቃሴ በቀጥታ ታምቡሩ ላይ ያርፋል።

ጎማው በአንድ በኩል ክፍተት ከተወ ግን አየሩ በዚያ ያመልጣል። ይህ የሚጎዳው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ቤዝ ቀርፋፋ ንዝረት ነው፤ የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። በዚያ ፍጥነት አየሩ ግፊቱ ታምቡሩ ዘንድ ሳይደርስ በክፍተቷ ለመሹለክ በቂ ጊዜ አለው። ቀጭኑ ድምፅ ግን በሰከንድ ሺህ ጊዜያት ስለሚርገበገብ አየሩ ለመሸሽ ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ክፍተት ሲኖር ከበሮው ይጠፋል፣ ቤዝ ጊታሩ ይጠፋል፣ የጭብጨባው ጫፍና የ"ስ" እና የ"ሽ" ፉጨት ግን ይቀራል። ያኔ ምን ይደረጋል? ቮልዩም ይጨመራል። ቤዙ አሁንም አይመጣም፤ ያ ቀድሞውኑ ሹል የነበረው ድምፅ ግን የባሰ ይወጋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይጀምራል፣ ጆሮ ይደክማል፣ ኤርፎኑም መጥፎ ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል።

አንዳንድ ኤርፎኖች ጭራሹንም ጎማ የላቸውም፤ በጠንካራ ፕላስቲክ የጆሮ ደጃፍ ላይ ብቻ ተቀምጠው የሚቀሩ ናቸው። እነሱ ሲሠሩም እንዲዘጉ ተብለው አልተሠሩም። ቤት ውስጥ ጸጥታ ባለበት ደህና ናቸው፤ ለብዙ ሰው ጆሮም ይቀላሉ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ቤዝ አትጠብቁባቸው።

አሁን ወደ መግጠሙ። ኤርፎን እንደ ቡሽ ቀጥ አድርጎ መወተፍ አይሠራም፤ ቀዳዳው ጠማማ ነው ብለናል። በተቃራኒ እጃችሁ ከራሳችሁ በላይ ዞራችሁ የጆሯችሁን የላይኛውን ጫፍ ያዙ፣ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት፣ በዚያ ጊዜ ቀዳዳው ይቃናል፣ ኤርፎኑን ትንሽ እያዞራችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ጆሯችሁን ልቀቁት። ሳብ ካላደረጋችሁ ትክክለኛዋ ጎማ እንኳ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ታጥፋ ትቀራለች።

መዘጋቱን ለማወቅ ሙዚቃውን አቁሙና አፋችሁን ሳትከፍቱ "እምምም" በሉ። የገዛ ድምፃችሁ ራሳችሁ ውስጥ ከገነነ ተዘግቷል። በአንድ ጆሮ ብቻ ከገነነ ሌላኛው ክፍት ነው። ይህ በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ የብዙ ሰው የግራና የቀኝ ጆሮ እኩል አይደለም። ስለዚህ በቀኝ መካከለኛውን ጎማ በግራ ትንሹን ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ "ወንድሜ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነብህ እኮ" ቢላችሁ ሆን ብላችሁ እንዳደረጋችሁት ንገሩት።

አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ሰው ኤርፎኑ ሲወድቅበት "ጎማው አነሰብኝ" ይልና ትልቁን ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ግን ጎማው ትልቅ ሆኖ መግባት ስላቃተው፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በጣም ትንሽ ሆኖ የሚይዘው ስላጣ ነው። ሁለቱም መጨረሻቸው መውደቅ ስለሆነ በዓይን ብቻ አይለይም። ያላችሁን ሁሉ ሞክሩ። መንጋጋችሁንም አንቀሳቅሱ፤ ስታወሩና ስታኝኩ የቀዳዳው ቅርጽ ይለወጣል፣ ዝም ስትሉ ጥሩ የነበረው ኤርፎን ስታወሩ ሊከፈት ይችላል።

ከሲሊኮን ሌላ የስፖንጅ ጎማም አለ። በጣት ተጠቅልሎ ቀጭን ይሆናል፣ ወደ ጆሮ ይገባል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ተይዞ ሲቆይ ያብጥና የጆሮውን ቅርጽ ይይዛል። ሲሊኮን እምቢ ላለው ጆሮ ትልቅ መፍትሔ ነው፤ የውጭ ጫጫታም በደንብ ይቀንሳል። የሚጎዳው ነገር ሹል የሆነውን ድምፅ ትንሽ ማለዘቡና ዕድሜው ማጠሩ ነው። ይቆሽሻል፣ ይደርቃል፣ ሲቆይ ማበጥ ያቆማል።

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ የአየር ጠባይ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነች፤ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስፖንጅ በብርድ ይደድራል፤ ለማበጥም ይዘገያል። ከማስገባታችሁ በፊት መዳፋችሁ ውስጥ ትንሽ አሙቁት። የኤርፎን ገመድም በብርድ ይገተራል፤ ሲገተር ኤርፎኑን ከጆሮ ይጎትተዋል። የገመድ አልባዎቹ ባትሪም በቅዝቃዜ ቶሎ የሚያልቅ ይመስላል፤ ኪስ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ይመለሳል። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጠላታችሁ ላብ ነው። ሲሊኮን በላብ ይንሸራተታል፣ ስፖንጅ ላቡን ይጠጣል፣ የተዘጋ ጆሮ ደግሞ እርጥብ ሆኖ ሲውል ማሳከክ ይጀምራል። ቆላ የምትሠሩ ሰዎች ሲሊኮን ይሻላችኋል፤ በየመሐሉ አውጥታችሁ ጎማውንም ጆሯችሁንም አድርቁ።

መንገዱ ላይም አንድ የሚገርም ነገር ይፈጠራል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ 1,300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። የአየር ግፊቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ይጨምራል። ጆሮ የሚደፈነው በዚህ ነው፤ ምራቅ ስትውጡ "ጧ" ብሎ ይከፈታል። አሁን በጣም አጥብቆ የዘጋ ኤርፎን አድርጋችኋል እንበል። በጎማውና በታምቡሩ መካከል ያለችው አየር ላይኛው አገር የታሰረች ናት፤ ግፊቷ ዝቅተኛ ነው። ምራቅ በዋጣችሁ ቁጥር ከታምቡሩ በስተጀርባ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ከፊቱ ያለው ግን ባለበት ይቀራል። ታምቡሩ ወደ ውጭ ይለጠጣል፣ ድምፁ ሁሉ ይደፈናል፤ አንዳንዴም ያማል። ብዙ ኤርፎኖች ለዚህ ተብላ የተሠራች የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አላቸው፤ የሌላቸውም አሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ሲጀመር ኤርፎኑን አውጥታችሁ አየር አስገቡ፣ ምራቅ ዋጡ፣ መልሳችሁ አድርጉት። በየተወሰነ መንገድ ድገሙት። መቼም ያ ገደል እያለ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ራሱ ያስቆጫል።

ስለ ሕመም እንነጋገር። የሚያማችሁ ቦታ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ቀዳዳው ውስጥ የሚወጥር ሕመም ከሆነ ጎማው ትልቅ ነው። ከቀዳዳው ውጭ ያለው ጎድጓዳ ቦታና የጆሮው ለስላሳ አጥንት ከታመመ ግን ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ የኤርፎኑ አካል ለጆሯችሁ ትልቅ ነው ወይም ጠርዙ ይቆረቁራል። ያንን ምንም ጎማ አያስተካክለውም። ትንንሽ ጆሮ ያላቸው ሰዎች፣ በተለይ ብዙ ሴቶች፣ በዚህ በጣም ይቸገራሉ፤ ለእነሱ አካሉ ትንሽና ቀላል የሆነ ባለገመድ ኤርፎን ውድ ከሆነው ትልቅ ገመድ አልባ ይሻላቸዋል። ማሳከክ፣ መቅላት፣ ፈሳሽ ካለ ደግሞ የምቾት ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል። ኤርፎኑን ተዉትና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ገመዱ ልብሳችሁን ሲነካ "ኩስ ኩስ" የሚል ድምፅ ይሰማችኋል። ገመዱን ከጆሮ በላይ አዙራችሁ ከኋላ አውርዱት፤ ድምፁ ወዲያው ይቀንሳል፣ ኤርፎኑም አይጎተትም። ስትራመዱ የእግራችሁ ኮቴ ራሳችሁ ውስጥ "ድም ድም" የሚለው ግን የኤርፎኑ ጉድለት አይደለም። ጆሮ ሲዘጋ በአጥንት በኩል የሚመጣው ድምፅ መውጫ አጥቶ ይገንናል። ቆሎ እየበላችሁ ሞክሩት፣ ዘፈኑን አትሰሙትም።

ጎማው ከተስተካከለ በኋላ ስለ ድምፅ ጥራት ማውራት ይቻላል። ከዚያ በፊት ማንም ስለየትኛውም ኤርፎን የሚሰጠው አስተያየት ግማሹ ስለራሱ ጆሮ ነው።

ብዙዎቹ ኤርፎኖች ውስጥ ያለው ስፒከር ማግኔትና ጥቅል የመዳብ ሽቦ ያለው፣ ስስ ሽፋን የሚያርገበግብ ዓይነት ነው። ባላንስድ አርማቸር የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ። እሱ በጣም ትንሽ ነው፤ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች በሚሠሩ መሣሪያዎች ውስጥ ሲያገለግል የኖረ ነው። ኤቲሞቲክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኢአር 4 የተሰኘውን ኤርፎን ሲያወጣ በየጆሮው አንድ እንዲህ ያለ ስፒከር ብቻ ነበር ያስገባበት። መሥራቹ ሚድ ኪሊየን የመስማት ሳይንስ ሰው ናቸው። ሦስት እርከን ያለውን ጎማ ጠልቆ እንዲገባ አድርገው ሠሩት፤ በድምፅ ትክክለኛነቱ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። ይህን ያነሳሁት ካርቶን ላይ "ባለ ስድስት ስፒከር" የሚል ጽሑፍ እያያችሁ እንዳትደነግጡ ነው። ቁጥር ጥራት አይደለም።

ዋጋም ጥራት አይደለም፤ እንዲሁ ለማለት ያህል የተባለ ነገር አይምሰላችሁ። ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ 283 የጆሮ ማዳመጫዎችን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አሳትሟል። በዋጋውና ወፍራምና ቀጭን ድምፅ በሚመዛዘኑበት መንገድ መካከል ምንም ዝምድና አላገኘም። ውዱ ዕቃ ጥንካሬ፣ ባትሪ፣ ማይክ፣ ውበት ሊኖረው ይችላል። የድምፁ ሚዛን ግን በዋጋ የሚመጣ አይደለም።

ታዲያ ጥሩ ሚዛን በምን ይታወቃል? እኔ መጀመሪያ የምሞክረው በሙዚቃ ሳይሆን በንግግር ነው። ዜና ወይም ስብከት ክፈቱ። ያልተዘጋ ጆሮ በተፈጥሮው 3,000 ኸርዝ (በሰከንድ 3,000 ጊዜ የሚርገበገብ ማለት ነው) አካባቢ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ነው የሚሰማው፤ የቀዳዳው ርዝመት የሚያመጣው ነገር ነው። ቃል ከቃል የምንለየውም በአብዛኛው በዚያ አካባቢ ባለው ድምፅ ነው። ኤርፎን ሲገባ ያ የተፈጥሮ ማጉላት ይበላሻል፣ ስለዚህ አምራቹ ራሱ መልሶ መጨመር አለበት። ካነሰ ተናጋሪው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስላል። ከበዛ ይጮህባችኋል። ንግግሩ ሳትጨናነቁ ጥርት ብሎ ከተሰማ ዋናው ነገር ተገኝቷል። ከዚያ ከበሮ ያለበት መዝሙር ክፈቱ፤ ከበሮው ሲመታ ሊሰማ ይገባል፣ የዘማሪዎቹን ድምፅ ግን መዋጥ የለበትም። ቀጥሎ ማሲንቆ። የጭራው ፍትጊያ መሰማት አለበት እንጂ ጥርስ ማሳከክ የለበትም። "ስ" በተባለ ቁጥር የሚወጋችሁ ከሆነ ጎማውን ቀይራችሁ ኤርፎኑ ትንሽ ጠለቅ እንዲል ሞክሩ፤ በኤርፎኑና በታምቡሩ መካከል ያለው ርቀት ሲለወጥ ያ ሹል ድምፅ ቦታውን ይቀይራል።

የፋይሉም ነገር አለ። ከካሴት ተገልብጦ፣ ተጨምቆ፣ በቴሌግራም ከእጅ እጅ የዞረ የድሮ ዘፈን የትኛውም ኤርፎን አያድሰውም። እንዲያውም ጥሩ ኤርፎን የካሴቱን ሹክሹክታ አጉልቶ ያሰማችኋል። ስለ ብሉቱዝ ደግሞ ብዙ አልልም። ኤስቢሲ የሚባለው ድምፅን በብሉቱዝ የመላኪያ ዘዴ ሁሉም ዕቃ ላይ አለ፤ ኤኤሲ፣ አፕትኤክስ፣ ኤልዳክ የሚባሉት የሚሠሩት ስልኩም ኤርፎኑም ሲቀበሏቸው ብቻ ነው። ልዩነታቸው ጎማ ከሚያመጣው ልዩነት ጋር አይወዳደርም።

የጆሮ ጤናም እዚሁ ውስጥ ነው ያለው። የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይለካል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ ለሕፃናት ደግሞ 75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን መንገድ የሞተሩን ጩኸት ለመብለጥ ብላችሁ ቮልዩሙን ጣሪያ አድርሳችሁ ከሄዳችሁ የሳምንቱን ድርሻ በአንድ ምልልስ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። የተጎዳ የመስማት ሕዋስ አይተካም። በደንብ የዘጋ ጎማ ጫጫታውን ከውጭ ስለሚያስቀር በዝቅተኛ ድምፅ ትሰማላችሁ። ጫጫታ የሚያጠፋ ተብሎ የሚሸጠው ኤርፎን ለሞተር ጉምጉምታ ዓይነት ለማይቋረጥ ወፍራም ድምፅ ጥሩ ነው፤ የሰው ወሬና የሕፃን ለቅሶ ላይ ግን ብዙ የሚሠራው ጎማው ራሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ አደራ፣ ሙዚቃ የሚያሰማ ኤርፎን የጆሮ መከላከያ አይደለም። ሙዚቃው በማሽኑ ድምፅ ላይ ይደመራል።

መንገድ ስትሻገሩም አውጡት። ጆሮ በደንብ ተዘግቶ ባጃጅም ጋሪም አይሰማም።

ኤርፎን ቀስ በቀስ ድምፁ ካነሰ፣ በተለይ በአንድ በኩል፣ ብዙ ጊዜ የተደፈነው ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት ነው። ጎማውን አውልቃችሁ ለብቻው በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት። ወንፊቱን በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ወደ ታች አዘቅዝቃችሁ ጥረጉት፤ መርፌ አታስገቡበት፣ ውሃም አታስነኩት። ጆሯችሁንም በክብሪት እንጨት አትጎርጉሩ። የጆሮ ኩክ በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እንጨትም ኤርፎንም መልሰው ወደ ውስጥ ነው የሚገፉት። ኤርፎን ለሌላ ሰው ማዋስም ቢቀር ይሻላል፤ ካዋሳችሁም ጎማውን ቀይሩ።

ለመግዛት ስትሄዱ ካርቶኑ ውስጥ ቢያንስ ሦስት መጠን ጎማ መኖሩን ጠይቁ፣ ከሌለ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። ስልካችሁ ክብ ቀዳዳ ያለው ነው ወይስ ታይፕ ሲ ብቻ፣ እሱንም ቀድማችሁ እዩ። የምታውቁትን መዝሙርና አንድ ንግግር ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ እንድትሞክሩ ከፈቀደ ጎማውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉት፣ "እምምም" በሉ፣ መንጋጋችሁን አንቀሳቅሱ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጆሯችሁ ላይ አቆዩት። የሚቆረቁር ኤርፎን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ራሱን አያሳይም። አሁን እጃችሁ ላይ ያለው ኤርፎን ካልጣማችሁ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ካርቶኑን ፈልጉት፤ ያልተሞከሩት ጎማዎች አሁንም እዚያው ታሽገው ይሆናል።